ቆጥረን ያልፈታነው

ከፑኖ ቢሮዬ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
አውራጃው በሙሉ በሰንጠረዥ ሲታይ፣
አረንጓዴ ላወቀ፣
ቢጫ ለሚያመነታ፣ ቀይ ለወደቀ፣
ለሐይቁ ዳር ልጆች፣ ለረድፍ ዐርባ ሰባት፣
ሦስት ዓመት ከቀዩ ላልተላቀቀ።

«ሦስተኛ ክፍል። ንባብ። በደቂቃ ዐሥራ ሁለት ቃል።»
አለቃዬ አነበበው። «መምህሩ ይተኛል» አለ።
ማስጠንቀቂያ ጻፍን። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ፤
ቀለሙ እጄ ላይ እስከ ማታ ነበረ።

ሐምሌ ነበር፤ በእኛ አገር ሐምሌ ውርጭ ነው።
ሰዓት ቆጣሪዬን ይዤ ከጭነት መኪና ወረድኩ።
መምህር ሳቱርኒኖ በሩ ላይ ጠበቀኝ፤
ደብዳቤያችንን ለጥፎታል፣ ከማባዣው ሰንጠረዥ ጎን።

ዩሊሳ ተጠራች። ስምንት ዓመቷ ነው፣
ከንፈሯ ላይ የእርሳስ ጥቁረት አለ።
ሰዓቱን ጫንኩት።
«አጉዋ» አለች በስፓኒሽ፣
ቆመች፤
ዓይኗ በመስኮቱ ወጥቶ ሐይቁን ነካ፣
ከንፈሯ ብቻ «ኡማ» አለ፣ ውኃን በእናቷ አፍ ጠርታ፤
ከዚያ ወደ ገጹ፣ ወደ ቀጣዩ ቃል፣
እንደገና ዝምታ።

ደቂቃው ሞላ። ዐሥራ ሁለት።
ግን እያንዳንዱን ሁለቴ ነበር ያነበበችው፣
አንዴ ለእኔ ሰዓት፣ አንዴ ለገዛ ልቧ፤
ሃያ አራት ቃል ነበር፣ ግማሹ ድምፅ የሌለው።

ሳቱርኒኖ ምንም አላለም። መሳቢያውን ሳበ፣
በላማ ሱፍ የታሰረ ደብተር አወጣ፤
ዘጠኝ ዓመት፣ በየልጁ ስም፣
የትኛው ቃል ላይ እንደሚቆም፣ የት ላይ እንደሚሮጥ፣
ማን በአይማራ ተጠይቆ መልሱን እንዳመጣ።
ጠዋት ጠዋት በአይማራ የሚያስተምረው ለዚህ ነበር፤
የከሰስነውም ለዚሁ።

«አያቴ በጎቹን የሚቆጥረው ገመድ ቋጥሮ ነበር» አለኝ፤
«ያንቺም ቢሮ ይቋጥራል። የሚፈታውስ ማነው?»

እኛማ ፊደል ቆጠሩ፣ አልቆጠሩ ስንል፣
ልጆቹን ቆጥረን ቆጥረን
ቁጥሩን ቋጥረን አስቀመጥን።

ከፎርሙ ግርጌ «አስተያየት» ይላል፤ ቦታው ሁለት ጣት አይሞላም።
በጀርባው ጻፍኩ። በሌላ ወረቀት ቀጠልኩ።
ቀዮቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ፤
ከዐሥራ ዘጠኙ ትምህርት ቤት በዐሥራ ሰባቱ
ልጁ አፉን የፈታው በስፓኒሽ አይደለም።
አለቃዬ ሁለቴ አነበበው፣
«ማስጠንቀቂያውን አንሺው» አለ፤ ቀዩን ግን አላነሳም።

በዓመቱ አዲስ ፎርም ከሊማ መጣ።
ያው ሰንጠረዥ፣ ያው ደቂቃ፤
በስተቀኝ ብቻ አንድ ጠባብ ዓምድ ተጨምሯል፦
«አፍ የተፈታበት ቋንቋ»።
በዩሊሳ ረድፍ «አይማራ» ብዬ ስጽፍ
የመጨረሻዋ ፊደል ከሳጥኑ ወጣች።