አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቁራጭ

ሌሊት ነው ረሆቦት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ከስክሪኑ ጋራ ዐይን ለዐይን ስንተያይ፣
የአንዲት ሽኮኮ ዐይን፣ በስሱ የተላጠ፣
ሺህ ቁራጭ ወጥቶት ሺህ ገጽ የሰጠ።
ዳር እስከ ዳር ግራጫ፤ ዕድሜውን በሙሉ
ቀለም የለየ ዐይን አመድ መስሏል ሁሉ።

ሥራዬ ክር መከተል። አንዲት የነርቭ ህዋስ
ጣቷን ዘርግታለች፤ ከገጽ ገጽ ሳስስ፣
ከምታንኳኳው በር አብሬያት ልደርስ።

ከላይ ተሰልፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣
ሾጣጣ ህዋሶች ብርሃን ይጠጣሉ፤
ከሃያ አሥራ ዘጠኙ አረንጓዴ ለይተው
እሷ ስታልፍ «ግቢ» ያሉ ይመስላሉ።
አትገባም።
እንደ ማታ እንግዳ፣ በቂርያት ሞሼ ብሎክ
የበር ላይ ስም እያነበበ እንደሚወጣ፣
የነቡዛግሎን፣ የነዪሳቆቭን፣ የነእንየውን ደጅ አልፎ
ሃያኛውን ብቻ ሊያንኳኳ እንደመጣ።

ማክሰኞ ዶክተር ኖጋ ማስታወሻ ላከችልኝ፦
«አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ከአረንጓዴው ጋር አስረሻታል። አይተሻል?»
ዝም አልኩ። አዎ፣ አስሬያለሁ።
ለእኔ ዐይን ተነካክተዋል።

አባቴ ሸማኔ ነበር። አሁን ፋርማሲው ደጃፍ
አግዳሚ ላይ ይውላል፣ ሰው ሲያልፍ።
«ምንድን ነው ሥራሽ?» ይላል፣ አሥር ጊዜ ነግሬው፤
«ክር እከተላለሁ፣ ዐይን ውስጥ» ስለው
ይስቃል። ከዚያ ያ ሸማኔ ይነሣበትና፣
አመልካች ጣቱን ከጣቴ አስጠግቶ፣ ሳይነካ፣
«ይኸውልሽ» ይላል፣ «ጎን ለጎን የሄደ ክር ሁሉ
ጨርቅ አይባልም ገና።»

ተመለስኩ። አራት መቶ ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ።
ምስሉን አሰፋሁት፤ በጣቷና በእግሩ መሃል
ከፀጉር ሺህ ጊዜ የሳሳ መንገድ።
ጉርብትና እንጂ ጋብቻ አልነበረም።
ቀለሜን ሰረዝኩ።

ቀጠለች፤ በእግሮቹ ሥር እየሾለከች፣
አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ላይ
ከአንድ ብቸኛ እግር ውስጥ ጣቷን አስገባች።
ሰማያዊ እሱ ነው። በመልኩ አይደለም ያወቅኩት፤
ማን እንደፈለገው አይቼ ነው የለየሁት።
ሶፍትዌሩ ግን ብርቱካን ቀባው።

ጠዋት አውቶቡሱ አግዳሚው ፊት አወረደኝ።
«አገኘሽ?» አለኝ።
«ያን ሁሉ ደጅ አልፋ የምትፈልገው ማንን ኖሯል?»
«ሰማያዊውን» አልኩት።
ተነሣ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ፤
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።
አላረምኩትም።