በየዐሥር ሰከንዱ

በታርቱ ከተማ፣ ከእናት ወንዝ ማዶ፣
ኡርማስ ይኖራል ብቻነቱን ለምዶ።
(«እናት ወንዝ» ያሉት እነሱ ናቸው፣ በቋንቋቸው፤
እኔ የለሁበትም ስም በማውጣቸው።)
ሠላሳ አንድ ዓመት በልቷል ደመወዝ፣
ሥራው ሌላ አይደለም፣ መለካት ነው ወንዝ።
ዳር ላይ ጉድጓድ ነበር፣ ውኃው በቱቦ የሚገባበት፣
ከጉድጓዱም በላይ አንዲት የእንጨት ቤት፣
ቤቷ ውስጥ ወረቀት ለብሶ የሚዞር ከበሮ፣
ቀኑን በሃያ አራት መስመር አጥሮ።
ወንዙ ባበጠ ቀን ብዕሯ ሽቅብ፣
በጎደለ ቀን ቁልቁል፤ ያለ እጅ፣ ያለ ልብ።

ጡረታ ወጣ። ጉድጓዱም ተደፈነ።
የብዕሯም ሥራ የአንድ ሳጥን ሆነ።

በኅዳር መጨረሻ ላግሌ፣ የልጁ ልጅ፣
የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ፣ አቧራ ጠርጋ በእጅ፣
ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ከሰዓቱ በላይ፣
አንዲት ጠባብ መስኮት ከፈተችለት እንዲያይ።
«አረንጓዴው» አለች፣ «ዲስኩ ሲያነብ ነው፤
ቀዩ ደግሞ ሲጽፍ። ሌላ ምንም የለው።»
ምንም የለው አለች፤ ሄደች በባቡሯ።
እሱ ግን አወቃት፤ ብዕሯ ናት፣ ብዕሯ!

ፎቶ ሲከፍት አረንጓዴው ይዘላል፣
ደብዳቤ ሲያስቀምጥ ቀዩ ብቅ ይላል፤
ሥራ ሲፈታ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር፣
በረዶ ሥር እንዳለ ወንዝ፣ በየካቲት ወር።

ከዚያ ነው ያያት። አንዲት ቀይ ጥርስ፤
ብቅ ብላ ትጠልቃለች፣ ዐሥር ቆጥራ ደግማ ልትደርስ።
ምንም አልነካም። እጁ ጭኑ ላይ ነው።
ታዲያ ይሄ ዲስክ ለማን ነው የሚጽፈው?

ኢሜይሉን ዘጋ። አለች።
የአየር ትንበያውን ዘጋ። አለች።
ሙዚቃውን፣ ካርታውን፣ የቼዝ ጨዋታውን፣
በመጨረሻም ነቀለ የኢንተርኔት ገመዱን፤
አለች።

ሌሊት ተነሣ፣ በካልሲ፣ መብራት ሳያበራ፣
ሌባ ሊይዝ የመጣ፣ ትንፋሹን የፈራ።
ቀጭ ይላል ዲስኩ። ዝም።
ቀጭ። ዝም።
ቢያደምጠው፣ ቢያደምጠው፣ አያልቅም።

ማለዳ ደወለ። ላግሌ ሳቀች፤
«አያቴ» አለች፣ ጥርሷን እየፋቀች፣
«የምትጽፈው እኮ ግራፏ ራሷ ናት፤
ያየሽውን ሁሉ መዝገብ ላይ አስፍሪ ብያት።
በየዐሥር ሰከንዱ ‹ምንም የለም› ትላለች፤
ያንን ስትጽፍ ደግሞ ራሷን ታያለች።»

ስልኩን አስቀመጠ። ቆሞ ቀረ ኡርማስ።
የሰማንያ ሰባት ሙላት፣ ሜዳውን ሲያለብስ፤
ጧት በሁለት ሰዓት፣ ወረቀቱ ላይ ጉብታ፣
በየቀኑ አንዲት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፤
«ምክንያቱ ያልታወቀ ማዕበል» ሲል ጻፈ፤
አለቃው ፈረመ፣ ታተመ፣ አለፈ።
ጉብታዋ ጀልባ ነበረች። የራሱ ጀልባ፣
ብዕሯን ሊያይ ቀዝፎ ከቤቷ በር ሲገባ።

የቱን ቢጫን እንደምትጠፋ ያውቃል። ዘጋት።
ዲስኩ ጥቂት ዞረ፣ ዝግ አለ፣ ቆመ፤ የመጀመሪያው ዕረፍት።
ቤቱ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ደስ አለው።
መስመሯ ስትተኛ ማየት አማረው።
ለማየት ግን መክፈት ነው። ከፈታት።
ዲስኩ እያጉረመረመ ነቃ። ጥርሷም ይኸው ናት።

ከመሳቢያው አወጣ የድሮውን ደብተር፣
ሽፋኑ ላይ ማኅተም፣ የፈረሰ አገር።
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «ደመናማ፣ ከዜሮ በታች አራት» ካለ በኋላ፣
«ምክንያት» ከሚለው ዐምድ ሥር፣ ሳይጨምር ሌላ፦
«እኔ።»