ያልተቀባች ስንዝር

ኤሌውቴሪዮ ጪጓይ፥ ጀልባ ጠራቢ ነበር፤
በቺሎዌ ደሴት፥ በዝናቡ አገር።
ፊደል አልቆጠረም፥ ማስመሪያ አልያዘም፤
በክንዱ ይለካል፥ ቁጥር አያበዛም።
«ሰባት ክንድ ከስንዝር፥ እዚህ ላይ ሁለት ጣት»
ይለዋል እንጨቱን፥ ጎንበስ ብሎ እንደ ማማት።

አባ ሂላሪዮን፥ በታንኳ መጡና
ከጉያቸው ሥዕል፥ አወጡለትና
«ሥራልን» አሉት፥ «ይህን የመሰለ፤
ዓምዱ እብነ በረድ፥ ጉልላት ያዘለ።»
«አባቴ፥ በዚህ ምድር፥ ድንጋይ ብንቆፍር
ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ሥር፥ ሌላ ጭቃ አፈር።
ያለን ዛፍ ብቻ ነው።» «እንግዲያው» አሉ አባ
«ዛፉን ድንጋይ አስመስለው፤ በቀለም ይቀባ።»

በደቦ ወረደ፥ አሌርሴው ከጫካ፣
በአርባ በሬ ትከሻ፥ ጭቃውን እየለካ።
ድንች ነበር ስንቁ፥ ድንች ነበር ክፍያው፤
ድንች ያለቀ ዕለት፥ የባሕር ዛጎል ሥጋው።
ጣሪያ ሠርቶ አያውቅም፤ ጀልባ ሠራና
ገለበጠው በአፉ፥ ግድግዳው ላይ ጫነና።
ልጆቹ ሳቁበት፤ «ዓሣው በላይ ሊዋኝ ነው?»
«አዎ» አለ ጪጓይ፥ «ውሃውም መንገድ ላይ ነው።»

ምስማር አልፈለገም።
«ብረት ጨው ሲቀምስ፥ ይከዳል» አለና
ችንካሩን ከእንጨት፥ ይቀርጽ ጀመረና፣
ቆይቶ ጨመረ፥ ቀና ሳይል ከሥራው፣
ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፦
«ደግሞም የወጉት፥ በብረት ነው እሱን፤
በምን ፊቴ ልምታበት፥ የገዛ ቤቱን?»

ዓመት ከመንፈቅ። ዐሥራ ሁለት ዓምድ።

ሚስቱ ሮሳሪያ፥ ቀለም በጠበጠች፤
በዝይ ላባ ጫፍ፥ ሥር ሥሩን አወጣች፤
አሌርሴው ገረጣ፤ ሰማያዊ ደም ሥር
አበቀለ ጎኑ፥ እንደ በረዶ ምድር።
እብነ በረድ መሰለ። አባ ደስ አላቸው።
ጪጓይ ግን በማታ፥ በኩራዝ አያቸው፤
ዐሥራ ሁለት ዓምዶች፥ ዐሥራ ሁለት ውሸታም፤
ዳሰሰ፥ አሸተተ፤ አንዱም ዛፍ አይሸትም።
«ዛፍ ነበርህ» አለው፥ ስምንተኛውን ዓምድ፤
«ሺህ ክረምት የቆምህ፥ በነፋስ በበረድ፤
ምን በደልኸኝና፥ ስምህን ልካድ?»
ከዚያ በቢላዋ፥ ከበስተጀርባው
ስንዝር ያህል ቦታ፥ ቀለሙን ፋቀው።

ለማንም አልነገረም።

የደብሩ መዝገብ፥ ስለሱ የሚለው ይህን ነው፦
«ለአናጢው፥ አንድ በግ፥ ዐሥር ቁና ድንች።
የወሰደው ሳንቃ፥ ሁለት፤ ያልመለሰው።»
መዝገቡ አይልም፥ ያን ነሐሴ ማታ
በትክትክ እንደ ሞተች፥ ልጁ ፋውስታ።
ሁለት ሳንቃ ይበቃል፥
ለአራት ዓመት ቁመት።

እኔ የሄድሁት ባለፈው መጋቢት ነው፤
የበሰበሰውን ሳንቃ ልተካ፣
መቶ ሠላሳ ዓመት ዝናብ የላሰውን።
ቁልፍ ያዥዋ ዶኛ ኤውፍራሲያ፥
በአንድ እጇ ጃንጥላ፥ በሌላው ዶሮ ይዛ፣
ስምንተኛው ዓምድ ጀርባ ወሰደችኝ።
ስንዝሯ ጠቁራለች፤ እንደ ኮርቻ ታበራለች።
«ባል ባሕር ሲወጣ፥ ሴቶች እዚህ እጃቸውን ያሳርፋሉ።»
ለምን? አልኳት።
«እናቴ ስታሳርፍ አይቼ» አለች፤ ዶሮዋ ተንጫጫች።

ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ።
ላብ፥ ጧፍ፥ ዓሣ፤ ከዚያ ሁሉ ሥር
በጣም ከሩቅ፥ የእርጥብ ጫካ አየር።

ከከተማ የመጣው ወረቀት ግልጽ ነው፦
«ዓምዶቹ በሙሉ፥ እንደ ጥንቱ ይቀቡ።»
በላባ ቀባኋቸው፤ ደም ሥር በደም ሥር፣
አንዱን ጨርሼ ወደ አንዱ ስዞር።
በዘጠነኛው ቀን፥ ሲመሽ፥ ላባዬን አጠብሁ።
ከጣሳው ሥር ቀለም ተርፎ ነበር፤
ብዙም አይደለም፣
አንዲት ስንዝር የሚበቃ።