አሥራ አንድ ደቂቃ

ኔቬንካ ፊልሙን ስትሰጠኝ፣ በመሐረብ ጠቅልላው ነበረ፤
ከክብሪት ቀፎ ያነሰ፤ አባቷ ስላቭኮ እዚያ ኖረ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመሳቢያ ውስጥ ተጣጥፎ፣
ግራ እጁ ላይ ሲጋራ፣ መዶሻውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ።

«ቁመቱን ስጠኝ» አለች፤ «ቁመቱን ልክ እንደነበረ።»
የእኔ ማጉያ ደግሞ ከጠረጴዛ ጋር የታሰረ፣
ከጋዜጣ የሚሰፋ ወረቀት በዕድሜው አላየም።
አንገቱን ፈትቼ ወደ ግድግዳው አዞርኩት፤ እሱም አልተቃወመም።
አልጋዬን ወደ ኮሪደር ገፋሁ፤ ወረቀቱን በሚስማር ወጠርኩ።
ርቀት ስስታም ነጋዴ ነው፤ ያን ሌሊት ተማርኩ፦
እጥፍ ብትርቅ፣ ብርሃን ሩቡን ብቻ ይከፍልሃል፤
የቀረውን ቆመህ፣ በጨለማ፣ ራስህ ትሞላዋለህ፤ እግርህ ያውቀዋል።
ሒሳቡ ሲሠራ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ወጣ።

ከመስኮቴ ሥር ግን ኢሊጻ አለ፤ የሌሊቱ ትራም፣ ደስ ባለው ሰዓት የሚመጣ።
ሲያልፍ ሕንፃው ሁሉ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፤
ብርጭቆዎች ያወራሉ፤
የግድግዳው ሰው አፉን ያጣል፣ ዓይኖቹ አራት ይሆናሉ።

ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ወረቀት፤ የወር ቀለቤ ተቃጠለ፤
ሦስተኛውን እንኳ ትራሙ ሳይሆን የራሴ ሳል ገደለ።

ነገርኳት። ሳቀች፣ የደንብ ልብሷን እየቆለፈች፤
«የሌሊቱን ትራም የምነዳው እኔ አይደለሁ?» አለች።
«ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ አደባባዩ ጋ እቆማለሁ፤
ደወሌን ሁለት ጊዜ ስትሰማ አብራ። እኔ እቆጥራለሁ።»

ሐሙስ። ቀይ አምፖል። ደወሉ፦ አንድ፣ ሁለት።
አበራሁ። ስላቭኮ ግድግዳዬ ላይ ቆመ፣ በሙሉ ቁመት።
በአፍንጫዬ ብቻ ተነፈስኩ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ትራሙ ውስጥ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ተነሣ፤
«ሊጤ ኮመጠጠ!» ብሎ በሩን እየደበደበ አገሣ።
አንድ ሰካራም፣ «ተወው፣ ሐዲዱም ትንሽ ይተኛ» አለው፤
እሷ እጇን ከፍሬኑ ሳታነሣ ሰዓቷን ነበር የምታየው።

ለዚያ ቁመት የሚሆን ሳህን የለኝም፤ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩት፤
ዱብራቭካ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አትሰማም፤ ገንዳዋ ውስጥ ዘረጋሁት፤
እንደ ሕፃን ገላ በስፖንጅ አሸሁት።
መጀመሪያ ጫማው ወጣ። ከዚያ የመዶሻው እጀታ።
ፊቱ ዘገየ፤ ሲመጣም ከቅርብ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነው፣
ባልጠራ ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ማታ።

ንጋት ላይ መጣች። እኔ ቀድሜ አይቼው ነበር፦
ግራ እጁ ብዥ ብሏል፤ አንዱ ሲጋራ ሁለት፤ ጭሱ የተበጠሰ ክር።
«ይቅርታ» አልኩ፤ «የጭነት መኪና አልፎ ይሆናል። እደግመዋለሁ።»
ተጠጋች። «አትድገም፤ ይህን እጅ አውቀዋለሁ።
ትራም አይደለም። የሠላሳ ዓመት መዶሻ ነው፤
ሾርባ ሲጠጣ፣ ማንኪያው ከጥርሱ ሲጋጭ፣ ከጓዳ ነበር የምንሰማው።»

ፊልሙን መልሼ አየሁ። እውነቷን ነው፤ እዚያም ይንቀጠቀጣል፤
ትንሽነት ሸፍኖት ኖሯል።

ድርጅቱ አሥራ አንዱንም ደቂቃ ቆጠረ፤
ከደመወዟ ቆረጠ። እሷም ከእኔ ቀነሰች፤ የሒሳቤ እኩሌታ ቀረ።
አልተጣላንም።