መንፈቅ

በሱሐር፣ በወደቡ ዳር፣ ከዓሣ ማቀዝቀዣው ኋላ፣
ውጭው በመስከረም ሲነድ፣ ውስጡ ብርድ ነው፤ አገር ሌላ።
ጃኬት ደርቤ እገባለሁ፤ ሰርቨሮቹ ያጓራሉ፣
ጠግቦ እንደ ተኛ ዘበኛ እየበሩ ያንኮራፋሉ።

አለቃችን ኻልፋን አለን፦ «ወንዙ ሳይወርድ ጻፉልኝ።
አምና ሦስት ቀን ቆመናል፤ ዘንድሮ እንዳታስቆሙኝ።»
ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በዐረብኛ ምን ይባላል?
ተውኩት። እዚህ አሸዋ ላይ ቅጠሉስ ከየት ይገኛል?

ቢጁ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ የስም መዝገቡ። እሱ ሳይነሣ ማንም አይነሣ፤
እሱ ነው የሚያውቀው፣ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ማን ቁልፉን ረሳ።

ሁለተኛ፣ ኢሜይሉ። ደብዳቤ ታጋሽ ነው፣ ደጅ ይጠናል፤
ቤቱ ቢዘጋበት እንኳ እስከ አምስት ቀን ያንኳኳል፣
ከዚያ ወደ ላኪው ዞሮ «የሉም» ብሎ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ሰዓት።
ማሽኖቹ አምስት ደቂቃ ከተለያዩ አይተማመኑም፤
የይለፍ ቃልህ ልክ ቢሆንም በሩን አይከፍቱም።
ሣቅሁ። «ምን ያስቅሃል?» አለኝ ቢጁ።
እሱ ሰባት ሲል እኔ አንድ እላለሁ፤
ስድስት ሰዓት ተለያይተን
ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሳህን በልተናል።

አራተኛ፣ መንትያ ማሽን መጠባበቂያ አይደለም፤
አንዱ የሳተውን ሌላው ይስታል፣ «ለምን?» አይልም።
ስለዚህ ቅጂው ከዚህ ይውጣ፣ ኒዝዋ ይሂድ፣ ተራራው ሥር።
ጄኔሬተሩም ከምድር ቤት ይውጣ። (ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው?)
ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉ፤
ኢሜይል የሞተ ቀን፣ የኢሜይል አድራሻ ለማን ይረባል?

አምስተኛው ላይ እጄ ቆመ።
የተሰረዘ ስም ወዲያው አይጠፋም፤
መቶ ሰማንያ ቀን ምልክት ተደርጎበት ይቆያል፣
የሠሩት ሰዎች «የመቃብር ድንጋይ» ይሉታል።
መቶ ሰማንያ።
ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፤
ማን አስተማረው ፈረንጁን ሐዘን ቆጥሮ መጠበቅ?
ከመንፈቅ ያለፈ ቅጂ አይጫንም ይላል ደንቡ፣
የሄዱትን አስነሥቶ ካሉት ጋር ያጣላልና።

ያልተሞከረ ዕቅድ ወረቀት ነው።
ኅዳር ላይ፣ ሐሙስ ሌሊት፣
በአንድ አሮጌ ማሽን ላይ የሰኔን ቅጂ ጫንን።
ቢጁ ሁለቴ ሻይ አመጣ፣ ሄል የበዛበት።
ስሞቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤
ከመካከላቸው «ፋጡማ ሁለት»፣ ማሸጊያ ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ።

ሁለት፣ ፋጡማ አንድ ስላለች።
ፓስፖርቱን ደላላ አወጣው፤ እሷስ አትጠገብ ነበረች።
የመርሐቤቴ ልጅ፤ በረዶ እየዛቀች የምትሥቅ።
አንድ ቀን «ሌላ ስም» በሚለው ባዶ ቦታ
አትጠገብ ብዬ ሞላሁላት፤
«ኮምፒዩተሩ አወቀኝ» ብላ ለፈረቃው ሁሉ አወራች።

ሰኔ ላይ፣ በሙቀቱ፣ ታመመች።
በሦስተኛው ቀን ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣
ከቢሮ ትእዛዝ መጥቶ፣ በኢሜይል።
ሣጥኗ አገር የገባው ፋጡማ ተብሎ ነው፤
ቄሱ የክርስትና ስሟን ከእናቷ እስኪሰማ።

አሁን ግን እዚህ፣ በአሮጌው ማሽን፣
ለመንፈቋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣
አረንጓዴ መብራት አጠገቧ ይበራል።
«ይህ ያረጀ ነው» አለ ቢጁ፣ «ሙከራ ነው፣ አጥፋው።»
አውቃለሁ። ግን የሙከራው ሥርዓት
አንድ የፖስታ ሣጥን ከፍተህ አረጋግጥ ይላል፤
እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ያልተነበበ፦ አንድ።
«ጥያቄሽ ተቀባይነት አግኝቷል።
ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ የቀን ፈረቃ ነሽ።»

ለኻልፋን እንዲህ ብዬ ላክሁ፦
የፈጀው ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ።
ሁሉም ተመልሷል።
ጉድለት፣ የለም።