ባለ አንድ ዓይን

አባቴ የደብር ሰዓሊ ነበረ፣
ከምድር ይልቅ መሰላል ላይ የኖረ።
ቀለም ስበጠብጥ አንድ ሕግ ነገረኝ፣
እስከ ዛሬ ድረስ የሚከረክረኝ፦
«ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሳዪው፤
ከሃዲን በጎኑ፣ አንዱን ዓይን ንፈጊው።»

እኔን ግን ልቦለድ ቀጠረኝ።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ደብረ ማርቆስ፣
ቆርቆሮዬ በክረምት ካርቶኔ ላይ ሲያፈስ፣
ጥራዙ ይመጣል በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ዓባይ በረሃ ላይ በሙቀት ተቀቅሎ።
ሁለት ገጽ ካነበብኩ ይበቃኛል።
የእሷን ፀጉር እስከ ወገብ አወርደዋለሁ፣
የእሱን ኮት ከትከሻው አንሸራትታለሁ፣
ከኋላቸው ጀምበር ትጠልቃለች፤
ደራሲው ባይልም ትጠልቃለች።
ከዚያ ይተያያሉ። ጣጣው እዚህ ላይ፦
ሁለት ሰው ሲተያይ
በጎን ነው የሚታይ።

በሽፋን ሠላሳ ብር። ስሜ አይጻፍም።
አንዴ ተጽፎ ነበር፣ «ሰዓሊ፦ አቶ አትጠገብ»፤
አላረምኩም።

ጥራዙን የሚያመጣው ረዳቱ ልየው ነው፣
አገጩ መሐል ላይ ስርጉድ ያለው።
መቶ አለቃው፣ ሐኪሙ፣ የበርበሬ ነጋዴው፣
ሚስቱን ጥሎ ሄዶ ገጽ ሁለት መቶ ላይ የተመለሰው፣
ሁሉም የእሱን አገጭ ተበደሩ፤
አንድም ሳይመልሱ ቀሩ።
«ልየው!» ስል ከበር ላይ፣ መንገደኛ ሰምቶ
ስም መስሎት ያልፋል፣ ባርኔጣውን ደፍቶ።

አባቴ አርጅቶ መጣ። ሽፋኖቹን መሬት ላይ ደረደረ፣
በምርኩዙ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረ፦
«አርባ አንድ ጥንድ ሰው።
ምነው ልጄ፣ አንድ እንኳ የሚጸድቅ ጠፋ?»
መልስ አልነበረኝም። የጀምበሯ ብርቱካናማ
ጣቴ ላይ ገና አልደረቀም።

የተማሪ ቤት ልጃገረዶች፣ እናት እንዳታይ፣
ሽፋኔን በጋዜጣ ይሸፍኑታል፤
ልየው ከንፈር ላይ የስኳር ኮታ ይለጠፋል።

ኋላ ልየው ቢቸና አገባ።
ጥራዙን ሌላ ረዳት ያመጣ ጀመር፣
አገጭ የሌለው።

አርባ ሁለተኛውን ብቻውን ሳልኩት፣
ፊት ለፊት። ሁለቱን ዓይኖቹን ሰጠሁት።
ከአዲስ አበባ በቀይ እስክሪብቶ ተመለሰ፦
«ለገድል ይሆናል፤ ለፍቅር አይሆንም።»

ከአልጋዬ በላይ ቸነከርኩት።
በሁለት ዓይኑ ያየኛል።
እኔ በጎኔ እተኛለሁ።