ሳቅ እና ሳል

እኔ ቀልድ አላውቅም፤ እንጀራዬ ምላጭ፣
ከመጋረጃው ጀርባ ከሣጥን ላይ ተቀማጭ፤
ቴፕ ቆራጭ፣ ቴፕ ቀጣይ፣ የሬዲዮ ቀልድ አጣቢ፣
ከከተማ ከተማ የሰው ሳቅ ሰብሳቢ።
አራት ተዋንያን፣ አንዲት ፈረስ አስጋላቢ፣
ፈረሷ ሁለት ጣሳ፣ ሜዳው የጠጠር ሳህን፤
እንዲህ ሆነን፣ በአውቶቡስ፣ ዌልስን ስንዞር ሰነበትን።

ሳቅ እንደ አገሩ ነው፤ የወደብ ሰው አፉን ከፍቶ፣
የባንክ ቤት ሰው በአፍንጫው፣ ግራ ቀኙን አይቶ፤
የገበሬ ሳቅ ይዘገያል፤ ከመጣ ግን ማን ይመልሰው፤
ከርክሜ፣ አበጥሬ፣ ቤት ላለው ሰሚ እኔ ነኝ የማደርሰው።

ቤተሳይዳ ደረስን፣ በየካቲት ማታ።
ስሟ ከወንጌል ነው፤ ግን መጠመቂያ የላት፣
አምስት መመላለሻ፣ የድውያን መኝታ፤
ተራራው ተፈልጦ፣ ተሰንጥቆ በድማሚት፣
ለጣሪያ የሚሆን ሐምራዊ ድንጋይ አላት።

አዳራሹ ሞላ። ሕዝቡ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣
እጁን አጣጥፎ፣ ‘እስቲ አስቁኝ’ የሚል እንጂ የማይስቅ።
የመጀመሪያው ቀልድ ወደቀ፤ ሁለተኛውም ተከተለ፤
ፒያኖ መቺው ላበው፣ ‘ጸሎት ቤት ገባን እንዴ?’ አለ።
ሦስተኛው ላይ ግን ውሃው ተናወጠ፣
ከኋላ ወንበር ካንዲት ሴት ሳቅ አመለጠ፤
ከዚያ ማን ይያዘው! ቀድሞ ለመግባት እንደሚጋፋ ድውይ፣
ሰው ወደቀ ሰው ላይ።

ጥሩ ቀረጻ ነበር። አንድ እንከን ብቻ አለው፤
ከሦስተኛው ረድፍ አንዱን ሰው ሳል ጣለው፤
ደረቅ፣ ረጅም፤ ቀልዱ ሊያልቅ አንድ ቃል ሲቀረው፣
መሐል ገብቶ ሰበረው።
ሳቅና ሳል ባንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፤
ቴፕ ላይ ግን መልክ የላቸው፣ ቡናማ ክር ናቸው፣ ብርሃን ላይ ቢያዩት።
ለንደን ተመለስኩ። ለካሁት፣ ስንዝር ተኩል።
ቆረጥኩት። ቀልዱ ዳነ፤ አለቃዬም ‘እሰይ!’ ሲል።

በጥቅምት ደብዳቤ መጣ፣ በቀጭን ሰማያዊ ቀለም፦
‘ስሜ ኤሊኔድ ነው። ቅሬታ የለኝም።
ባሌ ኢድዋል፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ድንጋይ ፈልጦ፣
በሰኔ ሞተ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ።
ፎቶው አለኝ፤ ድምፁ የለኝም የትም።
ያን ማታ ሲስል በክርኔ ጎሸምኩት፣ አፍሬ፣ “ዝም!”
ፕሮግራሙ ሲደገም፣ ሬዲዮው ላይ ጆሮዬን ደፍቼ
ጠበቅሁት፣ ሰዓት አይቼ።
ቀልዱ አለ። እሱ የለም።
የት እንዳደረጋችሁት ብትነግሩኝ አይከፋኝም።’

ቁርጥራጭ አልጥልም፤ የሰፊ ልማድ ነው። የብስኩት ቆርቆሮ
ከጠረጴዛዬ ሥር አለ፣ የዓመታት ሳል ታጉሮ፤
ያንዱ ማስነጠስ፣ ያንዱ ወንበር ሲጮህ፣ ያንዲት ሕፃን ለቅሶ፣
የሰባት ከተማ ጉሮሮ ተደባልቆ፣ ምልክቱ ተደምስሶ።
ሌሊቱን አዳመጥኩ። አርባ አንድ ሳል።
ይኼ ወፍራም ነው፤ ይኼ የልጅ ይመስላል፤
ይኼኛው... ድንጋይ ድንጋይ ይላል።
እሱ ነው አልኩ። ሸክላ ላይ አስቀርጬ፣ በጥጥ ጠቅልዬ፣
ላክሁላት፣ ‘ይኸው ባለቤትዎ’ ብዬ።

በሳምንቱ መለሰች፦ ‘ጌታዬ፣ አመሰግናለሁ፤
ግን ይኼ ዳቦ ጋጋሪው ግዊልም ነው፣ በሳሉ አውቀዋለሁ፤
ዱቄት ነው እንጂ የጠለፈው፣ ድንጋይ አይደለም፤
በሕይወት አለ፤ ከኢድዋል የተበደረውን አራት ፓውንድ አልከፈለም።
እሁድ ጠርቼ አሰማሁት። ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረ፤
እኔም ሳቅሁ፤ ከሰኔ ወዲህ ይኼ የመጀመሪያዬ ነበረ።’

አርባ ቀርተዋል። በየማታው አንድ አንድ እሰማለሁ፤ አልቸኩልም።
ትናንት፣ ሃያ ሰባተኛው ላይ፣ ደረቅ ሳል፤ ረጅም።
ያኔ ጆሮዬ ሳሉ ላይ ነበር፤ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጌ
ጀርባውን ሰማሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ተጠግቼ፣ ፈልጌ፤
ሊሰማ ላይሰማ፣ የካፖርት ኮሽታ፣
ከዚያም የሴት ሹክሹክታ፦
‘ዝም!’